ከባትሪው ሥር ያገኘሁት

ውድ ልጄ፣ ብሎኔ፤

ይህን ስም ስታይ ፊትሽን እንደምታኮሳትሪ አውቃለሁ። ሰባት ዓመት ሳይሞላሽ፣ ከጋራዡ የቀሚስሽን ኪስ በብሎን ሞልተሽ ስትመጪ ያወጣሁልሽ ስም ነው። እናትሽ ልብስ ባጠበች ቁጥር ከሳፋው ሥር ብሎን እየለቀመች በእኔ ላይ ስታማርር ኖራለች። አሁን ትልቅ ሰው ነሽና "ብሎኔ" ብዬ ለመጥራት መብት ይኑረኝ አይኑረኝ እርግጠኛ አይደለሁም። እስከ መጨረሻው አንብቢና አንቺው ፍረጂ።

ለምን አልደወለም ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ እንዴት እንደምሆን ታውቂያለሽ፤ ሁለቴ አስልና "እናትሽን ላገናኝሽ" እላለሁ። ላለፉት አሥራ አራት ወራት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። እሷ ስታናግርሽ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጋዜጣ የማነብ እመስላለሁ። "አባዬ ደህና ነው?" ስትያት ይሰማኛል። "ደህና ነው፤ ይኸው ጋዜጣውን ዘቅዝቆ እያነበበ ነው" ትልሻለች። እውነቷን ነው። ደግሞም የምልክልሽ ዕቃ አለ፤ እሱ በስልክ አይሄድም።

የመንጃ ፈቃድ አስተማሪውን መቼም አትረሺውም። ቆሞ እያወራ እንኳ ቀኝ እግሩ መሬት ላይ ፍሬን የሚፈልገው ሰውዬ። ነጯን መኪናውንም አትረሻትም፤ ተማሪ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ማርሿን ሲያንገጫግጭባት የምትውለዋን። ከማርሽ ሳጥኗ፣ ከካምቢዮዋ፣ ዘይት ታንጠባጥብ ጀመር፤ የግራ ጎማው ዘንግ ከካምቢዮው በሚወጣበት በኩል። ለአንቺ ሰጠሁሽ። ዘይቱን አፈሰስሽ፣ ዘንጉን ሳብሽ፣ ኦይል ሲል የምንላትን አሮጌዋን ክብ ላስቲክ ነቀልሽ፣ የአዲሷን ከንፈር ዘይት ቀብተሽ ዙሪያዋን እኩል እየመታሽ አስገባሽ። ከኋላሽ ቆሜ አይቻለሁ። እንከን አልነበረውም። ይህን አሁን ነው የምጽፈው፤ ያን ጊዜ ያልኩሽ "እምም" ብቻ ነው።

በሃያ ሦስተኛው ቀን እያንጠባጠበች ተመለሰች። እንደገና ቀየርሽ። እንደገና ተመለሰች። ያኔ ነው ከመኪናዋ ሥር ወጥተሽ፣ ግንባርሽ ላይ ዘይት እንደተለቀለቀ፣

"አባዬ፣ ከላይ በኩልስ ብናየው? ባትሪውን አውጥተን" ያልሽኝ።

"ዘይት ከመቼ ወዲህ ነው ሽቅብ የሚፈሰው? ወደሚንጠባጠብበት ተመልከቺ!" አልኩሽ። የጋራዡ ሰዎች ሳቁ። መሳቃቸው ደስ አለኝ።

ሦስተኛውን ጊዜ ሁለታችንም አንረሳውም። ባትላሜራው በር እየቀጠቀጠ ነበር፤ ኤሌትሪሺያኑ ሽቦ ይዞ ቆሟል፤ አስተማሪው ከአንድ ተማሪው ጋር መጥቶ ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት ዝም ብሎ በጣቱ አሳየኝ። እኔም ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ "ይሄ እጅ ለጋራዥ አልተፈጠረም! ልጄ ባትሆኚ ኖሮ ያንን በር አትረግጪውም ነበር!" አልኩሽ። መዶሻው እንኳ ቆመ። አንቺ ጣቶችሽን አንድ በአንድ ጠረግሽ፣ ቱታሽን አውልቀሽ አጠፍሽና ሚስማሩ ላይ ሰቀልሽ። "ደህና ዋሉ" ብለሽ ወጣሽ። ሰላምታው ለእነሱ እንጂ ለእኔ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ ራስ ተመልጦ ካለቀ ቆይቷል፤ አፌ ግን ያን ቀን ሲያመልጠኝ በደንብ ታውቆኛል። ማታ አናግራታለሁ አልኩ፤ ማታ ሲሆን ጠዋት አልኩ። በሳምንቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄደሽ ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ርቀሽ መለዋወጫ ሱቅ ተቀጠርሽ። እናትሽ "ልጅቷ ኦይል ሲል ከመቀየር ኦይል ሲል ወደ መሸጥ ተዛወረች" ብላ ልታስቀኝ ሞከረች። አልሳቅኩም፤ እሷም አልሳቀች።

አሁን የምጽፈውን እናትሽም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አታውቅም ነበር።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ መኪናዋን ራሴ ያዝኩ። እጄን አሰባስቤ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አርባ ዓመት የሠራሁበትን ጥበብ ሁሉ አፍስሼ ኦይል ሲሉን ቀየርኩ። "ሥራ ማለት እንዲህ ነው" አልኩ ደግሞ፣ ጮክ ብዬ። በሃያ ቀኗ እያንጠባጠበች መጣች። ሃያ ቀን! የአንቺ እንኳ ሃያ ሦስት ይዛ ነበር። አስተማሪውን "ዘይት በዝቶባት ነው" ብዬ ዋሸሁት። በሌላ ቀን ሠራተኞቹ ሳይገቡ በጠዋት መጥቼ ደግሜ ቀየርኩ። እሷም አፈሰሰች። ከዚያ "አርጅታለች፤ በየሳምንቱ ዘይት እየጨመርክ ንዳት" ብዬ ሸኘሁት።

ልብ በይ ልጄ፤ ጥፋቱ የእጅሽ እንዳልሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ዓመት ሊሆነው ነው። ምክንያቱን ባላውቅም አንቺ እንዳልሆንሽ አውቄያለሁ፤ አውቄም ዝም አልኩ። ከሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው። ስድቡ በንዴት ነው እንበል፤ ዝምታው ግን ታስቦበት ነው።

ከሁለት ወር በፊት አስተማሪው መኪናዋን አስጎትቶ መጣ። ዘይቷ አልቆ፣ መስቀለኛ መንገድ መሃል ላይ ማርሿ አልገባ ብሎ፣ ተማሪዋ መሪውን ይዛ ስታለቅስ ነበር አሉ። "ወይ ሥራት፣ ወይ ሌላ ጋራዥ እወስዳታለሁ" አለኝ፤ እግሩም ፍሬኑን ደጋግሞ ረገጠ። እውነቱን ነው። ዘይት ሞላሁላትና አንድ ቀን ሙሉ እንዲያስተምርባት ሰደድኩት፤ ሙቅ እንደሆነች ላያት ፈልጌ ነበር። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ እየጤሰች መጣች። ሰዎቹ ምሳ ወጥተዋል። የማውቀውን ሁሉ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ አንቺ ያልሽው ብቻ ነበር።

ባትሪውን አወጣሁ። የተቀመጠበትን ቆርቆሮ ፈታሁ፤ ብሎኖቹ ዝገው ሁለቱ ተሰበሩብኝ። አጎንብሼ የካምቢዮውን አናት በጨርቅ ጠረግኩ። መተንፈሻው ቱቦ፣ የእስክሪብቶ ክዳን የምታህለዋ፣ አፏ በቀይ ሲሊኮን ተደፍኗል።

አንቺን አላስተምርሽም፤ እኔ ሳልደርስበት አንቺ ደርሰሽበታል። ካምቢዮ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ያብጣል፣ በዚያች ቀዳዳም ይወጣል። ቀዳዳዋ ከተደፈነች የሚወጣበት ያጣና ዘይቱን ይገፋዋል፤ ዘይቱም በደካማው በኩል፣ በኦይል ሲሉ ከንፈር ያመልጣል። እንኳን አንቺ፣ የሠራው ፋብሪካ ራሱ መጥቶ ቢያስገባት አትይዝም ነበር። እዚህ ቆማ ስትሞከር ደረቅ ሆና፣ ውላ ስትመጣ የምታንጠባጥበውም ለዚህ ነበር።

በካቻቢቴ ጫፍ ሲሊኮኑን ሳነሳው "ፍስስስ" አለች። ሸክም እንዳወረደ ሰው ረጅም ተነፈሰች።

"የትኛው ደንቆሮ ነው ይህን የሠራ!" አልኩ ብቻዬን። ብርሃን ላይ ይዤ ገለበጥኳት። አውራ ጣት ተጭኗታል፤ የጣቱ መስመር ሁሉ ደርቆ ቀርቷል። መሃሉ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጥ ጠባሳ አለ። የእኔን አውራ ጣት ቺንጋ፣ የሞተር ቀበቶ፣ የሰነጠቀው አንቺ ሳትወለጂ ነው። ትንሽ ሳለሽ በጣትሽ እየተከተልሽ "መንገድ" ትያት የነበረችው ጠባሳ ናት።

ያኔ ሁሉም ትዝ አለኝ። አንቺ ጉንፋን ይዞሽ ቤት የዋልሽ ሰሞን፣ የመጀመሪያዋን ኦይል ሲል ከመቀየርሽ በፊት፣ ኩሽኔታ ልቀይር ያንን ካምቢዮ ከፍቼ ነበር። ስገጥም የመተንፈሻዋ ቆብ እጄ ላይ ተሰበረች። መለዋወጫ ሱቅ ተዘግቷል፤ አስተማሪው በር ላይ ቆሞ ይቸኩላል። ውሃና አቧራ እንዳይገባ ብዬ "ለጊዜው" ሲሊኮን ለጥፌ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ከዚያ ረሳሁት። ለአንቺ ስንት ጊዜ ነው "በዚህ ቤት ለጊዜው የሚባል ሥራ የለም" እያልኩ የጮህኩብሽ?

ጋራዡ ውስጥ ማንም አልነበረም። የቆሻሻው በርሜል እግሬ ሥር ነው። ብጥላት አዲስ ቆብ እገጥማለሁ፣ መኪናዋ ትድናለች፣ እኔም "ጥበብ ማለት እንዲህ ነው" እላለሁ። እጄን ወደ በርሜሉ ዘርግቼ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅሽም። ግን ሚስማሩ ከበርሜሉ በላይ ነው፤ ቱታሽ እዚያው አንቺ እንዳጠፍሽው አለ። ኪሴ ከተትኳት።

እዚያም ረሳኋት መሰለሽ? አልረሳኋትም፤ ለሁለት ቀን በእጄ ስደባብሳት ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን እናትሽ ሱሪዬን ስታጥብ አገኘቻት።

"ደግሞ አሁን አንተ ጀመርክ?" ብላ እርጥብ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ልብሱን እንደያዘች ሰማችኝ። ስጨርስ "ለእኔ ምን ያናዝዝሃል? የሰደብከው እኔን አይደለም" አለችና ወደ ሳፋዋ ዞረች። ምሳ አላቀረበችልኝም። አልጠየቅኳትም።

ቸኩዬ እንዳልዋሽሽ መጀመሪያ መኪናዋን ፈተንኳት። አዲስ ቆብ፣ አዲስ ኦይል ሲል፣ ከሥሯ ንጹህ ካርቶን። አስተማሪው በየማታው እዚሁ እያሳደራት፣ እኔ በየጠዋቱ ካርቶኑን እያነሳሁ አየሁ። አራት ሳምንት ጠብታ የለም። ያኔ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ አስተማሪውን ጨምሬ ሰዎቹን ሰበሰብኳቸው። በሰው ፊት የሰደብኩትን በጓዳ ይቅርታ ልጠይቅ ብል ራሴን መሸወድ ነው።

"ስሙኝ" አልኳቸው። "የዚችን መኪና ዘይት ያፈሰሰው የልጄ እጅ አይደለም። የእኔ ነው። ይኸው።"

ቀዩዋን ነገር ተቀባበሏት። ባትላሜራው ገለባበጣትና የእኔን አውራ ጣት አየ።

"እኛማ ጠርጥረን ነበር" አለ። "ያኔ በጠዋት ተደብቀህ ስትቀይር አይተንሃል።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ለአንተ? ማን ነው ደፋሩ?"

ኤሌትሪሺያኑ ሳቀ። እኔ ግን ይህን ቃል ቤቴ ድረስ ይዤው ሄድኩ። አንቺ ብቻ ነበርሽ ደፋሯ፤ አንቺንም አባረርኩሽ።

የዚያን ቀን የነበረው ተማሪ ግን ቀረ። መንጃ ፈቃዱን አግኝቶ ሚኒባስ መንዳት ጀምሯል አሉኝ። ሁለት ቀን ፌርማታ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ገብቼ ከኋላው ተቀመጥኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። በመስታወቱ ገረመም አደረገኝና "አባባ፣ የቷ ልጅ?" አለኝ። ጨርሶ ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እውነት ነው፤ ቆሞ ያየውማ ምን ያስታውሰዋል? ቢሆንም ደግሜ ነገርኩት። "ልጄ ጎበዝ መካኒክ ናት" ብዬ በሰው መሃል ተናግሬ ወረድኩ። ተሳፋሪዎቹ አሞታል ብለው ሳይሆን አይቀርም መንገድ የለቀቁልኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይህ ደብዳቤ ያሸዋል ብዬ አልመካም። ተመለሺም ብዬ አላዝሽም፤ ሱቁም ሥራ ነው፣ አንቺም የራስሽ ኑሮ አለሽ። ግን ያንን ሥራ የመረጥሽው እጅሽ አይረባም ብለሽ ከሆነ፣ ያ ውሸት ነበር። ውሸቱም የእኔ ነው። እኔ ካየኋቸው እጆች ሁሉ የአንቺን የሚያህል አላየሁም፤ የራሴን ጨምሮ። በጣም እወድሻለሁ። ይህንንም ከ"እምም" ሌላ በምን እንደምናገረው ሳላውቅ አረጀሁ።

ሚስማሩ ላይ ሌላ ሰው ልብስ አልሰቀለበትም። ከመጣሽ፣ አንድ ቀንም ቢሆን፣ "አባዬ፣ ከላይ ብናየውስ?" ስትዪ ባትሪውን የማወጣው እኔ ነኝ። ካልመጣሽም እሑድ ስትደውዪ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ሁለቴ አስላለሁ፤ ሦስቴም ሊሆን ይችላል። እባክሽ አትዝጊብኝ።

ከታች ስሜን አልጽፍም። ፖስታው ውስጥ በወረቀት የጠቀለልኳት ቀይ ነገር አለች። መስኮት አጠገብ ሂጂና ገልብጠሽ እያት፤ መንገዷ መሃሏ ላይ አለች። ፊርማዬ እሷ ናት።