ምንም አልጎደለብንም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 12

ውድ አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎስ? እባክዎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለው አይመልሱልኝ፤ የዛሬው ጠቤ ከዚያው መልስ ጋር ነው። እኔ ከንዴት በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ብናገር እጮኻለሁ፣ እርስዎም «መስመሩ አይሰማም» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ ጻፍኩ።

እሑድ እርስዎ ጋ፣ አሌክሳንድርያ፣ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የሆነውን አልረሱትም። የአረጋውያን ማኅበራችን ሽማግሌዎችን ሐኪም ቤት ለሚያደርስ ቫን የጠየቀው የከተማው የድጋፍ ገንዘብ፣ ግራንቱ፣ መከልከሉ ሲነበብ፣ ጋሽ ገላው በሰው ሁሉ ፊት፣ «ማስተርስ አላት ተብሎ ቢሰጣት አንድ ፎርም መሙላት አቃታት! የእኔ የታክሲ እንግሊዝኛ ይሻል ነበር» አሉ። ሰው ሳቀ። እርስዎ፣ ሊቀመንበሩ፣ አባቴ፣ ባርኔጣዎን ጭንዎ ላይ እያሽከረከሩ ዝም አሉ።

ሰኞ ግራንቱን ወደሚሰጠው የከተማው ጽሕፈት ቤት ደወልኩ። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ የገባውን ማመልከቻ ላከችልኝ። ፈርመው እንዲያስገቡ የሰጠሁዎት አልነበረም። «ማኅበረሰባችሁ ምን ችግር አለበት?» ለሚለው ጥያቄ የጻፍኩት ሁለት ገጽ ወጥቶ፣ በእርስዎ የድሮ የሚኒስቴር እንግሊዝኛ አንድ መስመር ገብቷል፦ «በእግዚአብሔር ቸርነት ምንም አልጎደለብንም፤ አረጋውያኖቻችን በልጆቻቸው ተከብረው ይኖራሉ።»

አባባ፣ ምንም ላልጎደለበት ሰው ማን ቫን ይሰጣል? «በልቻለሁ» ሲሉት «በሞቴ!» ብሎ የሚያጎርስ ቢሮ እዚህ አገር የለም።

መጀመሪያ ኩራትዎ ነው ብዬ ተናደድኩ። ያወጧቸውን ገጾች ግን ደግሜ አነበብኩ። ከማኅበራችን ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ያጫወቱኝ፣ ስሙን ግን አልናገርም ያሉኝ የአንድ ሽማግሌ ታሪክ ነበረበት። በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን ሊያሳጥብ በአውቶቡስ ይመላለሳል። አንድ ሐሙስ ሲመለስ ራሱን አዙሮት በረዶ ላይ ወደቀ። «ልጄ ሥራ አለባት፣ አላስቸግራትም» ብሎ ለማንም አልተናገረም። ስጽፈው የማላውቀው ሰው ነበር። እንዲያውም ምን ዓይነት ልጅ ናት ብዬ ሰድቤያታለሁ።

ለፋሲካ ስመጣ ክንድዎ ላይ ያየሁትን ፋሻ «የድስት ክዳን አቃጠለኝ» ብለውኝ ነበር። እርስዎ መቼ ድስት ከፍተው ያውቃሉ? ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ስልክ የማያነሱትንም «ቤተ ክርስቲያን ስለምውል ነው» ይሉኝ ነበር። አምኜዎት ነበር!

የሳቁብኝን እረሳዋለሁ። የማልረሳው ለቢሮው የሰጡትን መልስ ለእኔም ሲሰጡኝ መኖርዎን ነው።

ለሁለተኛው ዙር እስከ አርብ ማስገባት ይቻላል። ሁለቱን ገጾች እንደነበሩ አብሬ ልኬያለሁ። ይፈርሙ፤ አንዲት መስመር እንዳይነኩ። የሽማግሌውን ስም አልጻፍኩም፣ አልጽፍምም። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ፎርሙን ማን እንደለወጠው ለጋሽ ገላው በአንደበትዎ ይነግሩልኛል። ለምን እንደለወጡት ከጠየቁ፣ ያን ጊዜ ዝም ማለት ይችላሉ።

ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። የሚቀጥለውንም ሐሙስ፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። አውቶቡስ መቆሚያው ጋ እንዳላገኝዎት! ካፖርትዎን ለብሰው በርዎ ላይ ይጠብቁኝ።

እመቤቴ ማርያም ዘንድሮ በረዶው ላይ እግርዎን ታጽናልኝ። ዕድሜዎን ታርዝምልኝ፤ ገና ብዙ የምንጣላው አለን።

የተቆጣችው ልጅዎ