መጋረጃው ላይ ያለው መቆንጠጫ

ውድ እማማ፣

ልጅዎ ከሚደውልልዎ እኔ ብጽፍልዎ ይሻላል አልኩ። እሱ ስልክ ሲይዝ «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ይዘጋል። ቤቱ ግን ያለ እርስዎ ጭር ብሏል።

ያን ቀን ጤና ጣቢያ ነርሷ የልጅ ልጅዎን መዝና «ለዕድሜው ውፍረቱ በዝቷል፤ ማነው የሚመግበው?» ስትል የሁላችንም ዓይን እርስዎ ላይ አረፈ። እርስዎም «ልጅ አብልተሽ አወፈርሽ ተብዬ ልከሰስ!» ብለው ሻንጣዎን አንስተው እህትዎ ቤት ገቡ። ቢቀየሙ እውነትዎን ነው።

እንግዲህ ጉዱን ይስሙ። እርስዎ ከሄዱም በኋላ ልጁ መወፈሩን አልተወም! ነርሷ ግራ ቢገባት ምክሯን ትታ እኔ ሥራ ስውል ልጁን የሚያዩትን ጎረቤቶች ሁሉ ሰበሰበችና «እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ምን ይሻላል?» አለች። ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኔ እንኳ አንዳንዴ ብስኩት በወተት ነክሬ...» አለ።

«አንተም?» አለች ፀጉር ሠሪዋ፤ «እኔ ደግሞ ማንም አላበላውም ብዬ ጭማቂ በስኳር!»

አናጢውም ከረሜላ ያልሰው ነበር። ለካ እያንዳንዱ ቤት ልጁን የሚያበላው እሱ ብቻ መስሎት ኖሯል። ሳቅን፣ አፈርንም። ማርም ሲበዛ ይመራል።

መላውን ያመጣችው ልብስ አጣቢዋ ናት። ልጁን ያበላ ሰው በራችን መጋረጃ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ይሰካል፤ የሚቀጥለው ምግብ ሰዓት ሲደርስ ይነሳል። መቆንጠጫውን ያየ ጎረቤት ያጫውተዋል እንጂ አያጎርሰውም። ነርሷ በጣም ስለወደደችው ለሌሎች ሰፈሮችም ልትነግር ነው።

አንድ ነገር ግን አቃተን። በልቶ ሳለ ሲያለቅስስ? አናጢው እንደ ዶሮ ጮኸለት፤ ልጁ ጭራሽ ባሰበት። ያኔ ልብስ ሰፊው «አያቱ እኮ አዝለውት መስኮቱ ጋ ሲያንጎራጉሩለት ዝም ይል ነበር» አለ።

«ታዲያ እሳቸው የት አሉ?» አለች ነርሷ። «ያለ እሳቸው ሥራችን ጎዶሎ ነው።»

ይኸው ወረቀት አንስቼ ጻፍኩልዎ።

እማማ፣ ይምጡልን። እሑድ እንደገና እንሰበሰባለን፤ ወንበርዎን መስኮቱ ጋ አድርጌዋለሁ። እንዲያስተምሩን ነው እንጂ ማንም ሊከስዎ አይደለም። እኔም ናፍቀውኛል።

ትናንት ልጁ መጋረጃውን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። አጨብጭበን ሳንጨርስ መቆንጠጫውን ነቅሎ አፉ ውስጥ ሊከተው ሲል ደረስኩበት። ቶሎ ካልመጡ እሱንም ይበላዋል።

ምራትዎ፣
እርስዎ «ችኩሏ» የሚሏት