ለእማ ሲንክ ስመርጥ

ሰኞ

ክሬሙን መረጥኩ። ነጩ የሆስፒታል ይመስላል፣ ጥቁሩ የውሃ ነጠብጣብ ያሳያል። ክሬሙ ግን ከመደርደሪያው በላይ እንደ ትልቅ ሳህን ቁጭ ያለ ነው፤ ከሥሩ ሁለት መሳቢያ አለው፣ ቧንቧውም ረጅም ነው። ለቡ ውስጥ አራት ሱቅ ዞሬ ነው ያገኘሁት። ፎቶውን ለባለቤቴ ለጀማል ላክሁለት። ለእኛ ቤት አልበዛም ወይ አለ። ለእኛ ሳይሆን ለእማ ነው አልኩት።

እናቴ ረቡዕ ከቡታጅራ ትመጣለች። ጉልበቷ ኦፕራሲዮን ከተደረገ ሦስት ወሩ ነው። ብቻዋን መኖር አትችልም፤ እሷ ግን እችላለሁ ትላለች። በስንት ልመና «አንድ ሳምንት ልየው» አለች። ካልተመቻት ትመለሳለች።

ፉሪ ይህን ቤት ከሠራን ጀምሮ የምንታጠበው ግቢ ባለው ቧንቧ ነበር። አሁን ቤት ውስጥ ሻወር አለን፣ ሴራሚክ አለን። የቀረው ሲንክ ነበር። ይህን ሲንክ አይታ እንድትቀር ነው የምፈልገው። ሲጻፍ የሞኝ ነገር ይመስላል፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ማክሰኞ

ቧንቧ ሠራተኛው ጋሽ በቀለ መጡ። ሲንኩን አገላብጠው አዩና ማን ነው የሚታጠብበት አሉ። እናቴ ናት አልኳቸው። «ቁመታቸው ምን ያህል ነው?» ብለው ጠየቁ። ተናደድኩ። እናቴ አጭር ናት፤ ታዲያ አጭር ሰው ጥሩ ነገር አይገባውም? ሥራዎን ይሥሩ ብዬ ዝም አሰኘኋቸው። ገጠሙት። ያምራል። ሦስት ጊዜ እየገባሁ አየሁት።

እስከ ነገ፦ አዲስ ፎጣ። የማያንሸራትት ምንጣፍ። የሳሙና ማስቀመጫ፣ ክሬም ካለ። ሮቶውን መሙላት፣ ነገ ውሃ ላይመጣ ይችላል።

ረቡዕ

እማ መጣች። በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በሌላው ቆጮ። መታጠቢያ ቤቱን ሳሳያት የሲንኩን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰችና «ማሻአላህ፣ የሚኒስትር ቤት አስመሰልሽው» አለች። ይህንኑ ለጀማል ደገመችለት፤ ሰላም ልትላት ለመጣችው ጎረቤታችንም ነገረቻት። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ

ንጋት ላይ ለፈጅር ሶላት ስነሳ አልጋዋ ባዶ ነው፣ የፊት በሩ ተከፍቷል። እማ በዚያ ብርድ ግቢ ውስጥ አሮጌው ቧንቧ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውዱእ ታደርጋለች፤ ለሶላት ፊቷን፣ ክንዷንና እግሯን ትታጠባለች። ምነው ስላት እንዳልቀሰቅሳችሁ ብዬ ነው አለች። ቀትር ላይ ለዙህርም ወጣች፤ ፀሐይ ልትሞቅ። ከሰዓት በኋላ ለአስር ሶላትም ወጣች፤ አየር ልትወስድ። ሲመሽ ለመግሪብ ስትወጣ ምክንያት አልቆባት መሰለኝ ዝም ብላ ወጣች። ሲንኩ ደረቅ ነው። ሳሙናው ከነመጠቅለያው ነው።

የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ውስጥ ደብተር ሊገዛ የመጣ ሰው ላይ ሳይቀር ጮህኩ። ቤቴን አልወደደችውም ማለት ነው። ጀማል ጠይቂያት ይለኛል። እሷ ናት መናገር ያለባት አልኩት። እናትና ልጅ ያው ነን፤ እሷን ይሉኝታ ይዟታል፣ እኔን ኩራት።

ዓርብ

ወደቀች።

ለፈጅር ስትወጣ ቧንቧው ሥር ያለው ጭቃ አንሸራተታት። አልሐምዱሊላህ፣ አልተሰበረችም። ክሊኒክ ወሰድናት፤ ክርኗ ተልጧል፣ የታከመው ጉልበቷ ደህና ነው።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩባት። ቤቴ ምን አደረገሽ አልኳት። ያኔ ነገረችኝ። ሲንኩ ደረቷ ጋ ነው የሚደርሰው፤ ክንዷን ስታነሳ ውሃው በእጅጌዋ ገብቶ እስከ ብብቷ ይወርዳል። እግሯንማ እንኳን እዚያ ላይ፣ ደረጃ ላይም በመከራ ነው የምታነሳው። ሻወሩ ወለል ላይ ደግሞ ጎንበስ ማለት አትችልም። ግቢ ግን ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እግሯን ቧንቧው ሥር ትዘረጋለች። «ይህን ያህል ለፍተሽ የገዛሽውን እንዴት ብዬ አይሆነኝም ልበልሽ? ሳምንቱ ሲሞላ ብሄድ ይሻላል ብዬ ነበር» አለችኝ።

በቀን አምስት ጊዜ የምታደርገውን ነገር ረሳሁት። እኔ ራሴ አንድ እግሬን ሰቅዬ ነው የምታጠበው፤ ጉልበት ላለው ሰው ምንም አይደለም። አፈርኩ። ጀማል ነገሩን ሲሰማ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ ሁለታችንንም አየን።

ቅዳሜ

እሷኑ ይዤ ለቡ ሄድኩ። ሻጩ በርጩማ ሰጣት። እማ ተቀምጣ እያንዳንዱን ሲንክ በምርኩዟ ትለካለች። ሻጩ ስለ ቀለሙ ያወራል፣ እሷ ስለ ቁመቱ ትጠይቃለች። ከዚያ ከኋላ፣ ባዶ ካርቶኖቹ አጠገብ፣ ዝቅ ያለ ነጭ ገንዳ አየች። ጫማዋን አውልቃ ከነካልሲዋ እግሯን ከተተች። ልክክ አለ። ሻጩ ሳቁን እያፈነ «እማማ፣ እሱ'ኮ መወልወያ የሚታጠብበት ነው» አላት። «ታዲያ እግሬ ከመወልወያ ያንሳል?» አለችው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንግዳ መጥቶ ያንን የሚያምር ሲንክና የመወልወያ ገንዳውን ጎን ለጎን ቢያይ ምን ይላል? አልዋሽም፣ ይህን አሰብኩ። ከዚያ ክርኗ ላይ ያለውን ፋሻ አየሁና ገዛሁት።

እሁድ

ጋሽ በቀለ እሁድ መፍቻ አይነኩም። ከቅዳሴ ሲመለሱ ግን ነጠላቸውን እንዳጣፉ ጎራ አሉ፤ መለካት ሥራ አይባልም ብለው። እማን ወንበር ላይ አስቀምጠው ከጉልበቷ እስከ ወለሉ ለኩ። ለማክሰኞው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሲንክ የገዛ ሰው ሁሉ ይቆጣኛል፣ ለምጄዋለሁ አሉ።

እስኪሠራ ድረስ ሳፋ አቅርቤ፣ በጆግ ውሃ እያፈሰስኩ እግሯን አጠብኳት። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል። የእናቴን እግር በእጄ ይዤ እንደማላውቅ ገባኝ። ሁልጊዜ እኔ አጥብሻለሁ ስላት እግሯን ሰበሰበች። «በቀን አምስት ጊዜ ሰው እየጠራሁ አልኖርም።»

ሰኞ

ተገጠመ። ጋሽ በቀለ ከገንዳው ፊት መቀመጫ ገነቡ፣ ሴራሚክ አለበሱት፣ ግድግዳው ላይም የምትይዘው ብረት አደረጉላት። ሲሚንቶው እስኪደርቅ እስከ ነገ እንዳይነካ ብለዋል። እማ አሥር ጊዜ እየሄደች ታየዋለች። በክሬሙ ሲንክ ጀማል ጺሙን ይላጭበታል፤ በጣም ተመችቶታል።

ሳምንቷ ነገ ወዲያ ይሞላል። ትቀሪያለሽ ወይ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ።

ማክሰኞ

ገና አልጋ ላይ እያለሁ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ከቤት ውስጥ ነው። ተነስቼ አልሄድኩም። ብዙ ቆየች፤ ሮቶው ሊያልቅ ነው ብዬ እስክሰጋ ድረስ።

ከሰዓት በኋላ በስልክ ስታወራ ደረስኩ። የምታወራው ቡታጅራ ቤቷን ከምትጠብቅላት ጎረቤቷ ጋር ነው። ዶሮዎቹን ወደ አንቺ ቤት ውሰጃቸው፣ እንቁላሉንም ለልጆቹ ቀቅይላቸው ትላታለች። ስልኩን ስትዘጋ በሩ ላይ መቆሜን አየች።

«ለጊዜው ነው» አለችኝ።

እሺ እማ፣ ለጊዜው አልኳት። ከዚያ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።