ለማንጠልጠያ ያልተሰፋው ቀሚስ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይጮሃል ወይስ ተሻለሽ? የባለቤትሽ ሳልስ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ልጄም ደህና ናት፤ ቁመቷ በልጦኝ አሁን ከላይ ወደ ታች እያየች ትቆጣኛለች። የእማዬ የስፌት መኪናም አለች፤ ዘይት ባጠጣትም ማጉረምረሟን አልተወችም። በማን እንደወጣች አንቺ ታውቂያለሽ።

ወረቀት ያነሳሁት ብደውል እንደማታነሺ ስለማውቅ ነው። ጽሕፈቴ እንደ ድሮው ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ጽሕፈት፤ ታግሰሽ አንብቢው። ደግሞ ወረቀት አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ጽፌ ሳልጨርስ ማንም አይስቅልኝም።

ከዚያ ከትልቁ የኢንተርኔት መድረክ ወጥቻለሁ። አካውንቴን ዘጋሁት። አዎ፣ እኔ! ፊቴን ሳልታጠብ እሱን የምከፍተው ሴትዮ። ልጄ ሦስት ቀን አትቆዪም ብላኝ ነበር፤ ይኸው ስምንት ወር ሞላኝ።

የወጣሁት በደግነት አይደለም፣ አልዋሽሽም። ደክሞኝ ነው። የሰፋሁትን መጋረጃ ፎቶ ብለጥፍ አንዷ መጋረጃውን ትታ ግድግዳዬን ሰደበችው። እየተንጨረጨርኩ ሳለ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣችው የሒሳብ አስተማሪ፣ ያንኑ መጋረጃ ልትወስድ መጣች። ሴትዮ፣ አለችኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ስለ ስፌት በጨዋ ደንብ የሚወያዩበት ትንሽ ቦታ አለ፤ እኔ መርፌ መያዝ ሳልችል አነበዋለሁ፣ አንቺማ ምን ሆነሽ?

እህቴ፣ ልብ የለ፣ አውራ ጣት የለ፣ ስንት ሰው አየው የሚል ቁጥር የለ። ፎቶም የለም፤ ሁሉም በቅጽል ስም ነው። እኔ “ሰፍታ ፈቺ” ብዬ ገባሁ። ስልሳ ሰው ብንሆን ነው። ስለ አንዲት የቁልፍ ቀዳዳ ሳምንት ሙሉ ያወራሉ፣ ያውም ሳይሰዳደቡ! የጻፍሽው ወዲያው አይወጣም። ያድርና ጠዋት፣ አሁንም ይውጣ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። የመጀመሪያዎቹን አምስት መልሶቼን ሳነባቸው አፈርኩባቸውና ሰረዝኳቸው። ስድስተኛው ጥያቄ ነበር። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፤ መጠየቅን ገና አሁን ለመድኩ።

ምነው ለሙሽራዋ የሰፋሽውን ነጭ ቀሚስ ያየሁ ቀን የጻፍኩት አድሮ በነበር!

ማንጠልጠያ ላይ ሰቅለሽ ፎቶውን ለጠፍሽ። ሰው ሁሉ እጅሽ ይባረክ ይልሽ ነበር። እኔ ደግሞ የተማሪ ደንብ ልብስ ይዤ አርባኛውን ኮሌታ እየገጠምኩ ነበር። ልንገርሽ፤ ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሁለታችንም የተማርነው ከእማዬ ነው፣ ታዲያ እሷ ብቻ ለምን አልኩ። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ብሏል። አላመነታሁም። ሰፊዋ አንቀላፍታለች መሰለኝ፣ አንዱ ትከሻ አልጋ ላይ ቀርቷል ብዬ ጻፍኩ። እህቷ እንኳ መሰከረችባት እያሉ አንዱ ትከሻውን በቀይ ከበበው፣ ሌላው አሰራጨው። ሦስት መቶ ሰው ሳቀልኝ። እኔም ኮሌታውን ትቼ ሳቁን ስቆጥር ዋልኩ።

አንቺ ምንም አላልሽም። ፎቶውን አጠፋሽ፣ ገጽሽን ዘጋሽ፣ ስልኬን ማንሳት ተውሽ። እኔም ኩራት ነው አልኩ። ስህተቷን ሲነግሯት አትወድም እያልኩ ለዘመድ ሁሉ አወራሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እህቴ።

ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛ መጣችልኝ። ልጅ ሆና ወድቃ አንድ ትከሻዋ ወርዷል። የሞከርኩላት ሁሉ በአንድ ወገን ይሸሻል። እንዴት ልቁረጠው ብዬ እዚያ ትንሹ ቦታ ላይ ጠየቅኩ። በሁለተኛው ቀን “ዝምተኛዋ” የምትባል ሴት መለሰችልኝ። በሜትር አትለኪያት አለችኝ። ለእያንዳንዱ ትከሻ የራሱን ሪባን ያዢና ልኩ ላይ ቋጥሪ፤ ደብተር ላይ የጻፍሽውን ቁጥር ማንም ያነበዋል፣ ቋጠሮ ግን ወሬ አያወጣም አለች። ሲያልቅ ማንጠልጠያ ላይ ጠማማ ሆኖ ታይዋለሽ፣ አትደንግጪ፤ እሷ ስትለብሰው ቀጥ ይላል። ያየ ሰው ቢስቅብሽም መልስ አትስጪ፤ የምትገልጪው የራስሽን ሥራ ሳይሆን የእሷን ገላ ነው።

መቀሱን አስቀመጥኩት።

ሠላሳ ዓመት ሰፍቼ፣ ቀሚስ ለማንጠልጠያ እንደማይሰፋ ጠፋኝ! ሦስት መቶ ሰው የሳቀው በስፌትሽ ሳይሆን በሙሽራዋ ትከሻ ነበር። አንዲት ቃል ብትናገሪ አንቺ ነፃ ትወጪ ነበር፤ እሷን ግን አደባባይ ታወጪያት ነበር። ልጅቷ በተዋሰችው ልብስ ተዳረች ሲሉ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ምን አገባኝ ብዬ አለፍኩት። አሁን ኮሌታ በገጠምኩ ቁጥር ትመጣብኛለች።

ቁጥር ስለማታውቅ የደንበኞቿን ልክ በሪባን የምትቋጥር ሴት እኔ በዕድሜዬ ያየሁት አንዲት ብቻ ነው፤ እማዬን። ስትሞት መኪናዋ ለእኔ፣ ሪባኖቹን የምትሰቅልበት ባለ ምስማር ጣውላ ላንቺ ደረሰ።

“ዝምተኛዋ” ስትጨርስ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ስትሰፊ አንገትሽን ቀና አድርጊ። እዚያ ፎቶ የለም ብዬሽ የለ? ጎንበስ ብዬ እንደምሰፋ በምን አወቀች? ደግሜ አነበብኩት። አንገቴን ቀና አደረግኩ። ረጅም መልስ ጻፍኩላት፤ ጠዋት ይውጣ ወይ ሲለኝ ይቅር አልኩ። ለእሷ የምለው ስልሳ ሰው ፊት የሚባል አልነበረም።

ትልቁ መድረክ ላይ ተመልሼ ይቅርታ ልጽፍም አስቤ ነበር። ግን ምን ብዬ? ባብራራ ያቺን ልጅ እንደገና ልሰቅላት ነው። የተበተነውን መሰብሰብ አቃተኝ፣ እህቴ። ለዘመዶቻችን ግን እየዞርኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር ብያለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ሪባን ታገኛለሽ። የእኔ ናቸው። የለካችኝ አስተማሪዋ ናት፤ ያን ሁሉ ሒሳብ አስተምራ ቋጠሮ ላይ ላብ አጠመቃት። መኪና ላይ ጎንበስ ብዬ ኖሬ ቀኝ ትከሻዬ ወርዷል፤ እየተማርኩ ሳለም አንገትሽን ቀና አድርጊ እያልሽ ትነግሪኝ ነበር። ቀሚስ ስፊልኝ። ጨርቁን አንቺ ምረጪ። እጅሽ እምቢ ካለሽም አልቀየምም፤ ሪባኖቹን ብቻ አትጣያቸው፣ ጣውላው ላይ አንድ ምስማር ፈልጊላቸው።

እጅሽ አይዛል። ዓይንሽ የመርፌ ቀዳዳ አይጣ። ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ።

አንገቷን ቀና አድርጋ የጻፈችልሽ፣
ታናሽ እህትሽ