ያልሠራሁት አልጋ

ሮቤ፣ ቅዳሜ፣ ጥር 16

ዛሬ የልጄን የዘይነባን የሙሽርነት አልጋ ገጠምኩ። ገጠምኩ እንጂ አልሠራሁም። ገና ሕፃን ሳለች ያስቀመጥኩላት የዝግባ ጣውላ እስካሁን የሥራ ቤቴን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እጮኛዋ ግን በካርቶን የታሸገ የውጭ አልጋ ከአዲስ አበባ አስመጣላት። በየአገሩ ሱቅ ያለው ትልቅ ድርጅት ነው አሉ የሚያመርተው። ልጁ ክፋት የለውም፤ እኔን እንዳያደክም ብሎ ነው። መዶሻ የለ፣ መላጊያ የለ። ከካርቶኑ የወጣች ትንሽ ቆልማማ የብሎን መፍቻ ብቻ በቃችኝ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ሐጂ ቃሲም እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ መጡ። የእሳቸው ቤት በሩም፣ ሣጥኑም፣ አልጋውም የእጄ ሥራ ነው። ዘይነባ አዝናልኝ ይሁን ኮርታብኝ እንጃ፣ አልጋውን እያሳየች፣ "አባቴ ነው የሠራልኝ" አለቻቸው።

ሐጂ እንደ ልማዳቸው እንጨቱን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። እንደ ባዶ ካርቶን ጮኸ። ቀና ብለው አዩኝ።

"ሑሴን፣ ደከምክ እንዴ ልጄ?"

ዘይነባን አየኋት። አንገቷን ደፍታለች።

"አዎ ሐጂ፣" አልኳቸው፣ "ደክሜአለሁ።"