ከጽሑፉ አሳዩኝ

ዳባት፣ መጋቢት 1998 ዓ.ም.

ለልጄ አባት፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም የሊማሊሞን መንገድ ስታስጠግን ውለህ ጎብጠህ ነው የምትገባው? እኔና ልጅህ የትናየት እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ለቋታል። አባቴም ደህና ናቸው፤ ስላንተ ግን አንስተው አያውቁም።

በሚኒባሱ ረዳት የላክኸው ቃል ደርሶኛል። ኩርፊያው ይበቃታል፣ ልጄን ይዛ ትመለስ፣ ካልሆነም ቁርጡን ትንገረኝ ብለሃል አሉ። ረዳቱ ይህን የነገረኝ ገበያ መሀል፣ አንድ እግሩን ከመኪናው ሳያወርድ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ ነው። ነግሮኝ ሲጨርስም አምባ ጊዮርጊስ፣ ጎንደር እያለ መጣራቱን ቀጠለ። ትዳሬ ይፍረስ ወይስ ይቁም የሚለውን በረዳት አፍ የተጠየቅሁ ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ግን ሰሞኑን ያቃጠለኝን ልንገርህ። ድሮም ከትምህርት ቤት ተናድጄ ስመጣ የምትሰማኝ አንተ ነበርክ።

እንደምታውቀው ዘንድሮ የያዝኩት አሥረኛ ክፍል ነው። የሌላው መምህር ትምህርት በፕላዝማ ሲሰጥ የእኔ አማርኛ በጠመኔና በጉሮሮ ቀርቷል። ልጆቹ አንድ ልቦለድ አንብበው ስላነበቡት እንዲጽፉ ማስተማር አለብኝ። ስለ ታሪኩ ጻፉ ስላቸው ታሪኩን ከነስሙ መልሰው ይተርኩልኛል። አስተያየታችሁን ስጡ ስላቸው ደራሲውን ይመርቁታል። ዕድሜና ጤና ይስጠው ብሎ ወረቀቱን የዘጋ ተማሪ አለኝ፤ ነጥብ በምን ልቀንስበት?

ከአሮጌ መጽሔት አንዲት አጭር ታሪክ አግኝቼ አባዝቼ ሰጠኋቸው። አንዲት ሚስት ልብሷን ቋጥራ ከቤቷ ትወጣለች። ባሏ ደጅ ተቀምጦ ቀንበር ይጠርባል፣ አይናገርም። እሷም ሳትናገር መንገድ ትገባለች፣ ታሪኩ ያልቃል። ጥያቄዬ ቀላል ነበር። ሴትዮዋ ለምን የሄደች ይመስላችኋል? የምትሉትን ሁሉ ከጽሑፉ አሳዩኝ።

ምን ጻፉ መሰለህ? ሽማግሌ ላኩ። ክፍሉ በሙሉ ታሪኩን ትቶ እርቅ ተቀመጠ። የቄስ ልጅ የሆነው ያርጋል ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነፍስ አባቷ እንዲሆኑ ወስኗል። ደብሪቱ ደግሞ የሴትዮዋ አባት እሺ እስኪሉ ድረስ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ቢባሉም እንዳይቀመጡ አጥብቃ ታስጠነቅቃለች። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሙጃሂድ ጭራሽ ደራሲውን ወቀሰው፤ ሚስት አኩርፋ ስትወጣ ሽማግሌ ሳያስልክ ታሪክ የሚጨርስ ሰው ወግ የማያውቅ ነው ይላል። ለምን ሄደች የሚለውን ግን አንድም ሰው አልነካውም። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ተነሳሁ።

በማግስቱ፣ ሽማግሌ የሚል ቃል ያየሁበትን ወረቀት ዜሮ እሰጠዋለሁ ብዬ እንደገና አጻፍኳቸው። በዚህኛው ዙር የመጡት ትልልቅ ሰዎች፣ የሰፈር አስታራቂዎችና የደብሩ አለቃ ናቸው።

በቃ፣ እንዴት እንደሚጻፍ እኔው ላሳያቸው ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሴትዮዋ የሄደችው ባሏ ስለማይገደው ነው አልኩ። ማስረጃ አድርጌም ዝምታውን፣ ቀንበሩን ለአፍታ እንኳ አለማስቀመጡን ደረደርኩ። በጥድፊያ ስጽፍ ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ያኔ የሺወርቅ እጇን አወጣች። ይቺ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ ከጎኗ ካለችው ጋር ስታወራ ነው የማውቃት። ቲቸር፣ አይገደውም የሚለው የት ጋ ነው፣ እኔ ያየሁት ዝም ማለቱን ብቻ ነው አለችኝ። ፌዝ መስሎኝ ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ግን ከጽሑፉ አሳዩኝ እያልኩ ስጮህ የከረምኩት እኔው ነኝ። የታሪኩን ወረቀት አንስቼ ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። የለም። ደብሪቱ፣ ምናልባት ሰውየው የሚለው ጠፍቶት ይሆናል አለች። ያርጋልም፣ ታዲያ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ለዚህ አይደል ወይ ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። ደወሉ ሲደወል ሰሌዳውን ሳላጠፋ ወጣሁ።

አይገደውም የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት አንተም ታውቃለህ። ለአስተርእዮ ማርያም ዝክር እናትህ ከአምባራስ መጥተው፣ ከፋሲካ በኋላ የትናየት እኔ ጋ ትደግ፣ እወስዳታለሁ ብለው በእንግዳ ፊት ሲናገሩ አንተ ጠላ ትቀዳ ነበር። ቀና እንኳ አላልክም። ከእናትህ ጋር ተማክራችሁ የጨረሳችሁት ነገር ነው ብዬ በማግስቱ ልጄን ይዤ ወደ አባቴ ቤት ወጣሁ። ስወጣም በር ላይ ቆመህ ዝም አልክ። ሰሞኑን ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ የምትቀዳው ጠላ ሞልቶ እንግዳው ጭን ላይ ይፈስ ነበር፣ አንተ ግን መቅዳትህን አላቆምክም። ይህንን ያኔ በማስረጃነት አልቆጠርኩልህም ነበር።

ይቅርታ የጠየቅሁህ እንዳይመስልህ። አሁንም በጣም ተናድጃለሁ። አፍ እያለህ ልጅህ ስትሰጥ ዝም ያልክ ሰው ነህ፣ አናደድከኝ። የትናየት አምባራስ አትሄድም፤ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል። ነገር ግን ያላልከውን እየጻፍኩልህ መኖር ሰልችቶኛል፤ የጎደለውን ራስህ ተናገር። በሚኒባስ ረዳት ግን አይሆንም።

አባቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤት አይወጡም። ትናንት ከጎረቤት ረጅም አግዳሚ ወንበር አሸክመው አስመጡና እልፍኝ አስገቡት። ምን ሊያደርግልን ነው ብላቸው፣ ደጅ ሆኖ ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ነው አሉኝ። ዝናብ ከዘነበ ግን ወራት አልፎታል።

ወላዲተ አምላክ ከገደሉ አፋፍ ትጠብቅህ። ወገብህን ከብርድ ትሰውርልህ፣ ለአንደበትህም ቃል አታሳጣህ።

የልጅህ እናት