በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የለጠፍነው ወረቀት

ሐረር፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ሰንብተሃል? የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጨጓራህስ ተሻለው? እህትህ ሜሮን ምግብህን በሰዓቱ እንደምታቀርብልህ አውቃለሁ፤ አንተ ግን ካልተቆጡህ የማትበላ ሰው ነህ። እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ የዶርሙን ደረጃ ስወጣ ስወርድ ይለበልበኛል። ጥምቀትን ያለ አንተ ዋልኩ። ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ልጅሽ የት ሄደ ሲለኝ ለሥራ ሄዷል አልኩ። በበዓል ቀን ዋሸሁልህ።

ስልክህን ስላላነሳሁ እንደተቀየምክ ሰምቻለሁ። ጨክኜ አይደለም። ድምፅህን ከሰማሁ እሸነፋለሁ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ እማ ብለህ ከጀመርክ እንቢ ማለት አልሆንልኝ ብሎ ነው የኖርኩት። ወረቀት ላይ ግን ልትለማመጠኝ አትችልም። እስከ መጨረሻው አንብበው፤ መሐል ላይ አትጣለው።

የላክኸውን መልእክት ሜሮን በስልክ እያለቀሰች ነገረችኝ። ሰኞ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ሲጠራኝ፣ ያን ቅዳሜ ከሰዓት ከእኔ ጋር ቤት ነበር፣ ምሳውን በልቶ ጋደም ብሎ ነበር እንድል ነው። ልጅቷ የነገረችኝንም በደንብ አላስታውስም እንድል። አርጅታለች ይሏታል፣ ማንም አይፈርድባትም ብለሃል አሉ። እውነትህን ነው፣ አርጅቻለሁ። ግን ጆሮዬ ገና ደህና ነው።

መጀመሪያ ስለዚያ ወረቀት እናውራ። አምና እኛን የሴቶች ዶርም ፕሮክተሮችን ሰብስበው ስለ ጾታዊ ጥቃት ሦስት ቀን አሠለጠኑን። ግቢያችን ደንብ እንዳለው፣ አቤት የሚባልበት ቢሮ እንዳለው፣ የሚደወልበት ስልክ እንዳለው በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ያን ቀን ገና ሰማሁ። ማስታወቂያውማ ነበር። ዋናው በር ላይ፣ ከጥበቃዎቹ አግዳሚ ወንበር በላይ ተለጥፎ ፀሐይ በልቶት ነበር። ሁለት ጥበቃ አፍጥጦባት ቆማ የምታነብ ልጅ የትኛዋ ናት? ለዚህ ነው መታጠቢያ ቤት በር ላይ፣ በውስጥ በኩል እንለጥፈው ያልኩት። እዚያ በር ዘግታ ብቻዋን ታነበዋለች። ከግርጌው ስልኩን ደጋግመን ጻፍንና በመቀስ ሸነታተርነው፤ የፈለገች አንዷን ቀድዳ ኪሷ እንድትከት።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለነበር ወደ አማርኛ የመለስክልኝ አንተ ነህ። እዚሁ ቤት፣ በዚሁ አሁን በምጽፍበት ጠረጴዛ። መምህር ተማሪን በውጤት ማስፈራራት የሚለውን ጮክ ብለህ አነበብክልኝ። ዝምታ እሺታ አይደለም የምትለዋን ደግሞ ከራስህ ጨመርክባት፤ እንግሊዝኛው ላይ አልነበረችም። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ብዬ ቀለድኩብህ፤ በልቤ ግን ኮርቼብህ ልሞት ነበር። አሁን ለኮሚቴው በጻፍከው መልስ ደንቡን አላውቀውም ብለሃል አሉ። ልጄ፣ በእጅህ የጻፍከውን?

በየሳምንቱ ከየበሩ ስንት እንደተቀደደ አይ ነበር። በሌሎቹ ፎቆች በወር አንዲት፣ ቢበዛ ሁለት። የአንተ ተማሪዎች ባሉበት ፎቅ በአንድ ሳምንት አምስት ተቀደደ። ደስ አለኝ። ልጆቹ ማንበብ ጀመሩ ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ አወራሁ። አምስት ልጅ ስልኩን ምን ልታደርግበት ነው ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም።

ከዚያ ልጅቷ መጣች። ስሟን አልጽፍም፤ አንተ አታጣውም። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው የሶፊ ገጠር የገበሬ ልጅ ናት፣ ከቤተሰቧ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የመጀመሪያዋ። የተቀደደችውን ቁራጭ እጇ ውስጥ ጨብጣ ነው የመጣችው፤ ላቧ ቁጥሩን አጥፍቶታል። መደወሉን ፈርታ ለእማማ ልንገር ብላ ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ እማማ ይሉኛል እንጂ የማን እናት እንደሆንኩ አያውቁም። የፈተና ወረቀትሽን ላሳይሽ ተብላ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሕንጻው ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት ቢሮ መጠራቷን ነገረችኝ። ከገባች በኋላ በሩ መቆለፉን ነገረችኝ። የቀረውንም ነገረችኝ። መምህሩ ማነው አልኳት። ስምህን ከነአባትህ ስም ጠራችው።

እጄን ይዛኝ ነበር። ለእሷ አዝኜ የደነገጥኩ መስሏት እንዳልጨነቅ ታጽናናኝ ጀመር። 

የሰማሽውን በማግሥቱ ለቢሮው አድርሺ፣ ለተከሳሹ አትንገሪ ይላል ደንቡ። በማግሥቱ ልጅቷ እሺ ስትል አብሬያት ገባሁ። ቃሏን በጽሑፍ ሰጠች። እሷ ከወጣች በኋላ እኔ የተከሳሹ እናት ነኝ አልኩና አስመዘገብኩ። ስልክህን ማንሳት ያቆምኩት ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

አንተስ ጥሪው እንደደረሰህ ምን አደረግክ? የክርስትና አባትህን አቶ ወርቁን ለምነህ ሽማግሌ ወደ ሶፊ ላክህ። እስላም ቤት ያለ እስላም ሽማግሌማ አይኬድም ብለው ፈላና በር ሰፈር ሄደው ሐጂ ዐብዱሰመድን አብረውን ይሂዱ አሏቸው። ሐጂ ነገሩን ከሰሙ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ ልጅቷ ራሷ ተጠይቃለች ወይ ነው ያሉት። አልተጠየቀችም ሲባሉ ወላሂ እኔ የለሁበትም ብለው ተነሡ። አቶ ወርቁ ግን ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ሄዱ። እሳቸውን አልቀየማቸውም። የሰው ጠብ ሁሉ በሽማግሌ እግር ይበርዳል ተብለው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን የድንበር ጠበኛ አስታርቀዋል። ይኼንንም ከዚያ ቆጠሩት። በአባትየው ደጅ ቆመው ስለ ልጅዎ ይቅር ይበሉን አሉ።

አባትየው ግን ምንም አያውቅም ነበር። ልጅቷ ቃሏን ከሰጠችበት ቢሮ ሠራተኛ ሴትዮ ጋር ሆና መቼ፣ እንዴት አድርጋ እንደምትነግረው ገና እያሰበች ነበር። ከአፏ ሊሰማው የሚገባውን ከማያውቃቸው ሦስት ሽማግሌዎች ሰማው።

በሦስተኛው ቀን መጣና ወሰዳት። እኔን አላየኝም፤ መሬት መሬት እያየ ነው የሄደው። እሷ አንዴ ዞር ብላ አየችኝ። ሽማግሌዎቹ ማን እንደሆንኩ ተናግረው ኖሯል፤ ካስተያየቷ ገባኝ። ይኼው አሥራ ሁለት ቀን፣ ስልኳ ዝግ ነው። የቢሮው ሰዎች ሁለት ጊዜ ሄደው የለችም ተብለው ተመለሱ።  አለቃዬ አልጋዋን ለሌላ ተማሪ ስጪ አሉኝ፤ እኔ መዝገቡ ላይ ለቅቃለች በሚለው ፋንታ በፈቃድ ላይ ብዬ ሞላሁ። ጠዋት ጠዋት የተጠቀለለ ፍራሿን እያየሁ ሥራ እጀምራለሁ። ክፉ ወሬ እንዳልሰማ እየፈራሁ እውላለሁ።

ስለዚህ አሁን የቀረው የጻፈችው ቃልና እኔ የሰማሁት ነው። እኔ አላስታውስም ካልኩ መዝገቡ ይዘጋል፤ አንተም ወደ ክፍልህ ትመለሳለህ። ይኼን አውቀህ ነው የላክህብኝ። ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

በመጥሪያዬ ላይ ሌላም ጥያቄ አለ። ስለ ተከሳሹ ከዚህ በፊት የሚያውቁት ነገር ካለ ይላል። ሥርጉትን ታስታውሳታለህ? ቤታችን ትሠራ የነበረችውን? አንተ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆነህ ለእረፍት በመጣህ ጊዜ ልብሷን እንኳ ሳትይዝ የሄደችውን? ለጎረቤት የአንገት ሐብሌን ሰርቃኝ ጠፋች ብዬ ነበር ያወራሁት። ሐብሉ ያኔም ሣጥኔ ውስጥ ነበር፣ ዛሬም አለ።

በጥምቀት ማግሥት ከቅዳሴ በኋላ ፈልጌ አገኘኋት። የት እንደሆነ አልጽፍልህም፤ ሽማግሌ ትልክባታለህ። አላስገባችኝም፤ በአጥሩ ላይ ነው የተነጋገርነው። ይቅር በይኝ አልኳት። ስለ ሶፊዋ ልጅም ነገርኳት። ልሄድ ስል ያን ቀን እርስዎ ግቢ ውስጥ በርበሬ ያሰጡ ነበር፤ በሩን ስደበድብ ሰምተውኝ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ሰምቼሽ ነበር አልኳት። ሬዲዮኑን ከፍ ያደረግሁት ለዚያ ነው አልኳት።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ገባች። እኔም እያለቀስኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ልጄ፣ የኮሚቴው ቀጠሮ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ያን ቅዳሜ ቤት አልነበርክም፤ ምሳህን ከድኜ ስጠብቅህ በርዶ እንደገና አሞቅሁት። ሲጠይቁኝ ይኼንኑ እላለሁ። ከእኔ ቀድመህ ገብተህ ያደረግኸውን ራስህ ብትናገር ግን ደስታዬ ነው፤ ለዚህ ብዬ ነው ቀድሜ የጻፍኩልህ። የነገር ሁሉ መጀመሪያ እሱ ነው። ያቺን ልጅም አባቷ ዘንድ ሄዶ እውነት ነው፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም የሚልላት ሰው ያስፈልጋታል።

ስትመጣ ግን ከአውቶቡስ ወርደህ ወደ ቤት አትምጣ። አቶ ወርቁ ዘንድ እደር፤ ነግሬያቸዋለሁ። የግቢውን በር ቁልፍ ትናንት አስለውጫለሁ። እንግዳ መጥታብኛለች፤ ያኔ በር ስትደበድብ ሬዲዮን ከፍ ያደረግሁባት ናት፣ አሁን ከፈትኩላት፤ ሰኞ አብራኝ ትገባለች።

ጨጓራህን እንዳያምህ ሳትበላ መንገድ አትጀምር። እመብርሃን በመንገድህ ትጠብቅህ፤ አምላክ እውነት የምትናገርበትን አንደበት ይስጥህ። ሜሮንን ሳምልኝ።

የወለደችህ እናትህ